ዝገት የማያውቅ ከተማ

«ልጄን አውጥታ ለሰው ሰጠችው» ሲሉ ሰማኋቸው። ወጥ ቤታችንን ከደረጃው የሚለየው ግድግዳ ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስል እኛ ቤት ያለ ሰው «ይማርህ» ሊል ይቃጣዋል። አማቴ ደረጃው ላይ ቆመው ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጋር ነበር የሚያወሩት። ጎረቤቲቱ ደንግጣ፣ «የቱን ልጅ?» አለች። አማቴ የነበራቸው ልጅ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ከሞተ ወራት እንዳለፉት ታውቃለች። «የሥራ ቦርሳውን ነዋ። መፍቻውን፣ ፒንሳውን፣ እጁ ያረፈበትን ዕቃ በሙሉ። እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከቁም ሳጥኑ ሥር እያወጣሁ ነበር የማየው። ጉልበቴን አሞኝ ማጎንበስ አቅቶኝ ከርሜ፣ ዛሬ ትንሽ ቢሻለኝ ብከፍት ባዶ ነው። ብጠይቃት፣ ‹ለሥራ ባልደረባው ሰጠሁት› አትለኝም?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በዚያ ግድግዳ ግን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው አጥርቶ የሚያልፈው። «የወደብ ሰው ናት፣ ምን ታደርጊዋለሽ! ዛሬ ያለቅሳሉ፣ ነገ ይስቃሉ፣ ከነገ ወዲያ ዕቃ ያከፋፍላሉ።»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ስለዚህ አማቴ ሲገቡ ዓይኔን ቢያዩትም የማስረዳው ነገር አልነበረም።

«ሰምቻለሁ እማማ» አልኳቸው።

«መስማትሽ ጥሩ ነው። ሁለቴ ከማወራ ገላገልሽኝ።»

«የሰጠሁት እኮ ለካቦው ነው። ዕድሜውን አብሮት የሠራ ሰው ነው፤ ባዳ አይደለም።»

«ባዳ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም። ማን ፈቀደልሽ ነው ያልኩት።» የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ በጣታቸው አስተካከሉ። «ቦርሳው ዛሬ ሳይመሽ ከነበረበት ቦታ ካልተመለሰ፣ አንቺም ወደ ሰዎችሽ ሂጂ። ልጄን አውጥቶ ከሰጠ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም።»

ይህን የተናገሩት ጨው አቀብዪኝ በሚሉበት ድምፅ ነው። በዚህ ከተማ ክፉ ነገር የሚነገረው እንደዚህ ነው። ሰው ከጮኸ ጉዳዩ ቀላል ነው ማለት ነው፤ ለከባድ ነገር ድምፅ ይቀንሳሉ። እኔ ባደግኩበት የወደብ ከተማ ቢሆን ኖሮ አማቴ በረንዳ ላይ ወጥተው መንደሩን በእኔ ላይ ባስመሰከሩ፣ እኔም መልሼ በጮኽኩ፣ አንድ ሳህን ተሰብሮ፣ ማታ ከተረፉት ሳህኖች አብረን በበላን ነበር። እዚህ የተነገረ ነገር ይቀመጣል። እንደ ዕቃቸው ሁሉ።

መሄጃ አጥቼ አይደለም። ታላቅ እህቴ አንድ ክፍል አጽድታ ከጠበቀችኝ ቆይታለች፤ እዚያ ለአስተማሪ ሥራ አይጠፋም፣ ቲማቲምም በግማሽ ዋጋ ይገኛል። ግን መሄድ አልፈለግኩም። አማቴ ሻይ ጠጥተው ኩባያ ሲያስቀምጡ እጀታውን ወደ ግድግዳው ያዞሩታል። እንደዚያ የሚያደርግ ሌላ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነበር። ምክንያቴ ይህ ነው፤ ለእህቴም አልነገርኳትም።

ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ተዘግቷል። ሽንኩርቱን በሳህን ከድኜ፣ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ባለቤቴ የአሳንሰር ጠጋኝ ነበር። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በሁለቱ ከተሞች ነገር ስንከራከር የእኔ ማስረጃ ሁልጊዜ አየር ነበር፤ እሱም «አንቺ እኮ የሰውን ጠባይ ሁሉ በአየር ታሳብቢያለሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው። በወደቡ ከተማ ነፋሱ ጨው ይዞ ነው የሚገባው። መቀስ አንድ ክረምት መሳቢያ ውስጥ ከተረሳ አይከፈትም፤ ብስክሌት ካልተነዳ ሰንሰለቱ ይበላል፤ መርፌ እንኳ ጨርቅ ላይ ተሰክታ ከቆየች ቡናማ ነጥብ ትታ ነው የምትነቀለው። ስለዚህ ማንም ምንም አያስቀምጥም። ሰው ሲሞት መሣሪያው ሐዘኑ ሳይነሳ ለሚሠራበት ሰው ይሰጣል። ይህ መርሳት አይደለም፣ ከዝገት ማዳን ነው። አባቴ ሲሞት መጋዙ ለጎረቤታችን አናጢ ተሰጠ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ድምፁን እሰማ ነበር። አናጢውም፣ «አባትሽ እኮ ነው የሚያወራው» ይለኝና ሰጋቱራውን እፍ እንድለው ይጠራኛል። በሌላ በኩል የአባቴን ጃኬት የለበሰ የማላውቀው ሰው ገበያ ውስጥ አይቼ፣ ጀርባውን ብቻ እያየሁ እስከ ከተማው ዳር ተከትዬው አውቃለሁ። ሰውየው ዞር ብሎ ፊቱን ሲያሳየኝ የሆንኩትን ግን ለማንም አላወራሁም። እኛ ከተማ የሚወራው የመጋዙ ዓይነት ታሪክ ብቻ ነው።

አሁን ያለንበት ዋናው ከተማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ምስማር መሬት ላይ ቢወድቅ የዛሬ አርባ ዓመት ያው ምስማር ሆኖ ይነሳል። ስለዚህ ሁሉም ያስቀምጣል። የእያንዳንዱ ቤት ቁም ሳጥን የማይሠራ ሬዲዮ፣ የሙሽርነት ጫማ፣ ልኩ ያለፈ ኮት የሞላበት ነው። እንግዳ ሲመጣ አይታይም፣ አይወራበትም፤ ብቻ አለ። እኛ «ቆጣቢ፣ ልበ ደንዳና፣ በር ዘግቶ አዳሪ» እንላቸዋለን። እነሱ «ወሬኛ፣ እጀ ቀዳዳ፣ ቃሉ የማይጨበጥ» ይሉናል። ባለቤቴ በሁለቱም ከተማ ሠርቷል። ሁለቱም ቦታ አሳንሰር ውስጥ የገባ ሰው ወደ ጣሪያው ነው የሚያየው ይል ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት።

«ምነው ድምፅሽ ቀዘቀዘ?»

«አውቶቡስ ውስጥ ነኝ።»

«እዚያ አገር አውቶቡስ ውስጥ መናገርም ይከለከላል?»

በአጭሩ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና ፈነዳች። «እኔን ይድፋኝ! ለደግነትሽ ይኼን መለሱልሽ? ነይ የኔ ልብ፣ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ነይ። እነዚህ እኮ ለሳቅም ደረሰኝ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው!» የእህቴ ድምፅ ከስልክ ውጭ ይሰማል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት መስኮቱን እንዳየች የከንፈሯ ጫፍ ብቻ ትንሽ ተነቃነቀ። የዚህ ከተማ ሰው ሲስቅ እንደዚያ ነው፤ ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ካቦው የሚሠራበት ሕንጻ ረጅምና ባለመስታወት ነው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «እንደምን አደሩ» ስለው ፈገግ አለ። «የወደብ ሰው ነሽ አይደል እህቴ? ከድምፅሽ አወቅኩሽ። እኛ እዚህ ለሰላምታም ጉልበት እንቆጥባለን።» ከሁለቱ አሳንሰሮች አንዱ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በሚሠራው ፊት ለፊት ሰው ተሰልፎ ያጉረመርማል፤ ማለቴ፣ በየተራ ሰዓቱን ያያል። እስከ መጨረሻው ፎቅ በደረጃ ወጣሁ፤ ከዚያ በጠባቡ የብረት መሰላል ወደ ሞተር ክፍሉ።

ክፍሉ ይሞቃል፣ የግራሶ ሽታ አለው። ካቦው በጉልበቱ ተንበርክኮ ከአንድ ትልቅ ብሎን ጋር እየታገለ ነበር። ወፍራም፣ ሽበታም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«እህቴ! ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው ጋሼ።»

«እማማስ?»

«ደህና ናቸው።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ከለቅሶው በኋላም ቤታችን ብዙ ጊዜ መጥቷል፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ስለ ቤት ኪራይ መወደድና ስለ አውቶቡስ መዘግየት አውርቶ ይሄዳል። የሟቹን ስም አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። በሄደ ቁጥር፣ ይህ ሰው ከድንጋይ ነው የተሠራው እል ነበር።

«ስለ ቦርሳው ነው የመጣሁት» አልኩት።

ፊቱ በራ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጥግ ያለውን የብረት ሳጥን ከፈተ። ቦርሳው መጀመሪያ በላስቲክ፣ ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሏል። ሸራው ተቦርሿል። ባለቤቴ በእጁ በሰፋቸው ኪሶች ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ዘይት ተቀብቶ ያብረቀርቃል። «ይኸው» አለኝ፣ ልጁን ለአስተማሪ እንደሚያሳይ አባት። «አንድም ቀን አልተነካም።»

ወንበር ስላልነበረ የሽቦ መጠቅለያው ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ሳምንት ረጅም ሕንጻ ባየሁ ቁጥር ቀና እል ነበር። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ አሁን በዚህ ሰዓት የእሱ መፍቻ የሆነ ቦታ እየዞረ ነው እል ነበር። ከአማቴ ቁም ሳጥን አውጥቼ የሰጠሁት ቦርሳ ግን ሌላ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ነው የከረመው።

«ለምን ጋሼ? እንዲሠሩበት ነው እኮ የሰጠሁዎት።»

«የሱን ዕቃ? እኔ ላቆሽሸው?» የእውነት ደነገጠ። «አደራ ነው ብዬ ነዋ።»

«አደራ አላልኩዎትም።»

«አንቺ ባትይስ!»

ያን ጊዜ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ኪራይ ያወራበት ምሽት ሁሉ ትዝ አለኝ። ለእሱ ያ መምጣት ብቻውን ንግግር ነበር። እኔ ደግሞ ቃል ስጠብቅ አልሰማሁትም።

እማማ ቦርሳውን እንደሚፈልጉት፣ ካልመለስኩም ምን እንዳሉኝ ነገርኩት። ጨርሼ ሳልናገር፣ «ልክ ናቸው፣ ልክ ናቸው» ብሎ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ሸክም የቀለለው ይመስል ነበር። በቃ፣ አለቀ። ተነስቼ መሄድ ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን ደረጃውን ወጥቼ ደክሞኝ ስለነበር ትንሽ አረፍኩ፤ እሱም ወደ ብሎኑ ተመለሰ።

የራሱ መፍቻ አርጅቷል። አፉ ሰፍቶ ብሎኑን አይጨብጥም። ሲጫነው አፈትልኮ እጁ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ የጣቱ አንጓ ደማ። «ምንም አይደል» ብሎ በዚያው በግራሶ ጨርቅ ጠቀለለው። ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። የሕንጻው አስተዳዳሪ ነው፤ መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቃል። «እየጨረስኩ ነው» አለው ካቦው። ደግሞ ተጫነ፣ ደግሞ አፈተለከበት። ደሙ በጨርቁ ወጣ። የሚሆነው መፍቻ ጭኔ ላይ ነው። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። እኔ ባደግኩበት ከተማ ቢሆን ገና ሳልቀመጥ «ወዲህ በይው፣ ምን ታቅፈሽ ትቀመጫለሽ!» ይለኝ ነበር። ይኼኛው እጁ ቢቆረጥ አይጠይቅም። አማቴም ዛሬ ጠዋት በግድግዳው እስክሰማ ድረስ ቦርሳውን እያወጡ እንደሚያዩት አልነገሩኝም፤ ቢነግሩኝ ኖሮ አልሰጠውም ነበር።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አልኩት።

«አሥራ ዘጠኝ» አለኝ፣ ሳያየኝ።

ቦርሳውን ከፍቼ ቁጥሯን አይቼ አወጣኋት፣ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም፤ መጀመሪያ ተነስቶ ከጀሪካኑ ውሃ አፍስሶ እጁን ታጠበ። ከዚያ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። መፍቻዋ ብሎኑ ላይ ልክ ገባች። ወደ ኋላ ትንሽ መለስ አደረጋት፣ ቆመ፣ ከዚያ አጠበቃት። ብረቱ አንድ ጊዜ ብቻ «ቅው» አለ።

«እሱ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አለ ካቦው ወደ ግድግዳው ዞሮ። «ሳይመልስ አያጠብቅም። ሲያጠብቅም ያፏጫል። ያ ፉጨት ግን… እንዴት ልበልሽ… ዜማ የሚባል ነገር አልነካውም። ስንት ዓመት ሙሉ ቆዳዬን ሲልጠኝ ኖረ።»

«ቤትም እንደዚያው ነበር» አልኩ።

ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም ብሎኑን አየን።

ሌሎቹንም ብሎኖች አጠበቀና መፍቻዋን ጠርጎ ዘይት ቀብቶ መለሰልኝ። ከሥር ያሉት ሰዎች የማያውቁት፣ የማያዩት ነገር ከላይ ሲሠራ አየሁ። አማቴን አሰብኩ፣ ማታውን አሰብኩ፣ ኩባያውን አሰብኩ።

«እርስዎ ጋ ትሁን» አልኩት።

«እናቱስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ተይ እህቴ፣ አታጣይኝ። ያስወጡሻል።»

«ሊያስወጡኝ ይችላሉ።»

«የወደብ ድፍረት ማለት ይህ ነው» አለ። ይመርቀኝ ይውቀሰኝ አላወቅኩም።

«ሳጥን ውስጥ አስገብተው ካስተኟት ግን መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«አላስተኛትም» አለኝ። መፍቻዋን ከቱታው ደረት ኪስ ከተታት።

ቤት ስደርስ አማቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። የከተፍኩትን ሽንኩርት አብስለውታል። ቦርሳውን ፊታቸው አስቀመጥኩት። ከፍተው ከግራ ጀምረው እያንዳንዱን ዕቃ በጣታቸው ነካ ነካ እያደረጉ ሄዱ። ባዶው ኪስ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አንዷ የለችም።»

«አዎ።»

«ጠፋች?»

«አልጠፋችም እማማ። ሥራ ላይ ናት።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ላስቲኩን፣ ፎጣውን፣ የካቦውን ደም፣ ብሎኑን። ስናገር ድምፄ ከፍ እያለ መሄዱ ይሰማኝ ነበር፤ ላይኛው ፎቅም ሰምቶ ይሆናል፣ አልቀነስኩም። «ቦርሳውን መልሺ ብለውኝ ጎደሎ አድርጌ ነው ያመጣሁት። አውቄ ነው ያደረግኩት» ብዬ ጨረስኩ።

«ያፏጫል አለ?»

«ዜማ አልነካውም ነው ያለው።»

አማቴ ቦርሳውን ከድነው፣ ተነስተው፣ መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ጠበቅኩ። ሲቆይ እኔም ወደ ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩ። አልጋው ላይ ከፍቼ መጀመሪያ መጻሕፍቱን ደረደርኩ፤ ልብስ ለማውጣት እጄ አልታዘዝ አለኝ። በሩ ሲንኳኳ አማቴ የክረምት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የውጭ ጫማቸውን አድርገው ቆመዋል። ከሰዓት በኋላ ከቤት የማይወጡ ሴት ናቸው። ሻንጣውን አዩት።

«ሕንጻው ሩቅ ነው?»

«በአውቶቡስ ቅርብ ነው።»

«ሳይዘጋ እንድረሳ።»

መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያዩ ሄዱ። ጥበቃውን ሰላም ስለው አማቴ ክንዴን ጎሰም አደረጉኝ፤ «ጆሮ አለው እኮ ሰውየው፤ ምን ያስጮህሻል?» ጥበቃው ከት ብሎ ሳቀ። ወረቀቱ ከአሳንሰሩ በር ላይ ተነስቷል።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

አማቴ አሳንሰር ውስጥ ገብተው አያውቁም። ልጃቸው ስንት ጊዜ ለምኗቸው፣ «እኔ እንደ ባልዲ በገመድ አልሳብም» ብለው እምቢ ብለውታል። በሩ ተከፈተ። ፋይል የታቀፈ ጎልማሳ ገባና በሩን በእጁ ያዘላቸው። «ይግቡ እማማ።»

«የለም ልጄ፣ አንተ ሂድ። እኛ እዚህ ነን።»

በሩ ሲዘጋ ጠጋ ብለው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። ውስጡ ወደ ላይ ሲሄድ ይሰማል፤ እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ ላይ ደርሶ እስኪቆም ድረስ።

«አይንቀጠቀጥም እንዴ?»

«አይንቀጠቀጥም እማማ።»

ሲወርድም ሰሙት። ደግሞ ሲወጣ። ሰዎች እየወጡ፣ እየገቡ፣ ሁለት ሴቶች መንገድ ዘግተው ምን እንደሚያደርጉ ሳይገባቸው አለፉን። አንድም ሰው ግን አልጠየቀንም፤ ለዚህ ይህን ከተማ አመሰገንኩት። ጥበቃው መብራት ማጥፋት ሲጀምር አማቴ እጃቸውን ከብረቱ አነሱና ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ኪሱን ሲዳብሱ ቆዩ፣ ሌላኛውንም ዳበሱ።

«ቁልፍ ይዘሻል አይደል?» አሉኝ። «የኔን ረስቼው ነው የወጣሁት።»

«ይዣለሁ» አልኳቸው።